ግንቦት ላይ አበባ ነቅሎ መትከል ይቻላል? (ደሴ)

የቧንቧ ውሃዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው የምንኖረው። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ አጥራችን ወደ ውስጥ ይገባል ተብለናል። መጥተው ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። መስመሩ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል በእማዬ የአበባ መደብ መሃል ለመሃል ነው የሚያልፈው። "እስከ ግንቦት መጨረሻ አንሱ" ተባልን። ክረምቱ እስኪገባ ታገሱን ብለን ለመንን። የሰማን የለም።

እማዬ መጀመሪያ "አበባዬን ከምትነቅሉ እኔን ንቀሉኝ" ብላ ነበር። አሁን ለዘብ ብላለች። ግን "አንድ ብትሞት አንቺን ነው የምጠይቀው" ብላኛለች። እኔ ደግሞ ስለ አበባ የማውቀው ማጠጣት ብቻ ነው። እሱንም ሲነገረኝ።

ያለንን ልዘርዝርላችሁ። ጽጌረዳ ሁለት እግር አለ። ቀዩ ብዙ አያስጨንቀኝም፣ ገና ወጣት ነው። ሌላው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ሽታው በር ላይ ይቀበላችኋል። አባባ በሕይወት እያለ የተከለው ነው፣ ግንዱ የእጄን አንጓ ያክላል። እማዬ ረከቦቷን የምታስቀምጠው ከሱ ሥር ነው፣ እዚያ ካልሆነ ቡናው ቡና አይሆንላትም። ከአጥሩ ጋር በረድፍ ደግሞ ረጅም ቅጠል ያለው፣ ከመሃሉ ዘንግ አውጥቶ አናቱ ላይ ሰማያዊ አበባ የሚሰበስብ አለ። በጣም ተጨናንቋል። አበባውም ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። ዳህሊያዎቹ በበልጉ ዝናብ ተታለው ነው መሰል አሁን ቡቃያቸው ብቅ ብሏል። ከቧንቧው ሥር ነጩ፣ ቅርጹ የተጠቀለለው አለ። ካና አለ። ጄራኒየም በጣሳም በመሬትም ሞልቷል።

የሚሄዱበት ጓሮ ነው። መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል፣ በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከጎረቤት በኩል የባሕር ዛፍ መደዳ አለ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ጀሪካን ሞልተን ነው የምንጠብቀው። ከአበቦቹ የሚተርፈውን ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ እልካለሁ።

በዚህ በግንቦት ፀሐይ ይሆናል ወይ? የቱ ይቅደም? ከሁሉም በላይ ግን የአባባ ጽጌረዳ ይተርፋል?

የሸዋበሩ፦

ተክል በክረምት ነው እህት ዓለም። ሰኔ 12 ሚካኤልን አሳልፈሽ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ትከይው። አሁን ከነካሽው ለማገዶ ይሆናል።

የቧንቧ ውሃዋ፦

እሱንስ እኔም አውቃለሁ ወንድሜ። ጠብቅ የሚባለው እኔ ሳልሆን ዶዘሩ ነው። ካገኘኸው ንገርልኝ።

ጡረተኛው፦

አብሽሪ ልጄ። አብዛኛው ይተርፋል።

ዕድሜዬን በግብርና ሥራ ነው የጨረስኩት፤ ከቦሩ ሜዳ ደጋ እስከ ቃሉ ቆላ ተዟዙሬያለሁ። ሥራዬ እህል ነበር። አበባ የጡረታ ጓደኛዬ ነው። የሸዋበሩ ልጅ ያለው ልክ ነው፣ ምርጫ ቢኖርሽ ሐምሌ መግቢያ ነበር። ግንቦት መጥፎ ወር ነው። በልጉ አልቋል፣ ክረምቱ አልገባም፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ አለ። ግን መጥፎ ለሁሉም እኩል አይደለም።

አበቦቹን በውበታቸው ሳይሆን ከመሬት በታች ባላቸው ለያቸው። ስንቁን አዝሎ የሚሄድ መንገደኛ አለ፣ በየደረሰበት ለምኖ የሚበላ አለ። ዳህሊያ፣ ካና፣ ሰማያዊውና ነጩ ስንቅ አላቸው፤ ሥራቸው ውስጥ ውሃና ምግብ አከማችተዋል። ስለነሱ እንቅልፍ አትጪ። ጽጌረዳ ስንቅ የለውም።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ካወቅሽው ሌላውን ራስሽ ትፈርጂዋለሽ። ተክል በዋናነት ውሃ የሚጠጣው በወፍራሙ ሥር አይደለም። ጫፍ ጫፉ ላይ ባሉት፣ ለዓይን በሚያስቸግሩት ቀጫጭኖች ነው። ስትነቅይው ተበጥሰው መሬት ውስጥ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ቅጠሉ ግን ይሄን አያውቅም። በፀሐዩም በንፋሱም ውሃውን ማትነኑን ይቀጥላል። የሚተነው ከሚጠጣው ሲበልጥ ይጠወልጋል። ሰው ታዲያ ሲጠወልግ ያይና ውሃ ይደፋበታል። ሥር የሌለው ተክል ውሃ ቢደፉበት በምን ይጠጣዋል? ይበሰብሳል እንጂ። መድኃኒቱ ቅጠሉን መቀነስ፣ ጥላ መሥራት፣ አፈሩን እርጥብ እንጂ ጭቃ አለማድረግ ነው።

አሁን በየተራ።

ሰማያዊው አጋፓንተስ ነው። አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። ሥሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፣ እናትሽ ሳምንት ብትረሳው እንኳ አይሞትም። አበባ የቀነሰው መጨናነቁ ይመስለኛል። ትንሽ ጠበብ ማለት ይወዳል፣ እንዳንቺዎቹ ሲሆን ግን ከልክ ያልፋል። ስለዚህ አጥሩ ቢፈርስም ባይፈርስም መነቀሉ አይቀርለትም ነበር። ዙሪያውን በዲጂኖ ፈልፍለሽ እንዳለ አውጪው። በእጅ ልላቅቅ ብለሽ አትታገይው፣ አይሆንም። ስለታም አካፋ መሃሉ ላይ አቁመሽ በእግርሽ ርገጪው። እምቢ ካለ በአሮጌ መጋዝ ቁረጪው። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን አይጎዳውም። የሚጎዳው ስስት ነው። ብዙ ይሁንልኝ ብለሽ አንድ አንድ አናት አድርገሽ ከቆራረጥሽው ለማበብ ብዙ ዓመት ይወስድበታል። እያንዳንዱ ክፋይ ሦስት አራት አናት ይኑረው። ቅጠሉን እስከ ግማሽ ቁረጪ። ስትተክይው አናቱ ከአፈሩ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ነው መውረድ ያለበት። በመጪው ዓመት አበባ ላይሰጥ ይችላል። ይህን ለእናትሽ አሁኑኑ ንገሪያት። ኋላ ስትነግሪያት ሰበብ ይመስላታል።

ዳህሊያ አገሩ የሜክሲኮ ደጋ ነው፤ የኛ ብርድና ጉም ይስማማዋል። የሚጠላው የተኛ ውሃና የኅዳር ውርጭ ነው። ቡቃያው ገና ብቅ ማለቱ ለመክፈል የሚመች ጊዜ ነው፣ የት እንደሚቆረጥ ያሳይሻል። የምንበላው ድንች ገላው ሁሉ ዓይን ነው። የዳህሊያ ዓይን ግን ያለው አንገቱ ላይ፣ ከአሮጌው ግንድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ነው። ድንቹ የፈለገውን ያህል ቢወፍር አንገቱ ከተሰበረ ወይም ዓይን ካልያዘ ቡቃያ አይሰጥም። አፈር ውስጥ ወራት ተቀምጦ ትጠብቂዋለሽ፣ እሱ ግን አይወጣም። ስለዚህ ከአሮጌው ግንድ ቁራሽ ጭምር ይዘሽ ቁረጪ። ቁስሉን አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አድርቂው፣ ከዚያ ትከይ። ቡቃያው እስኪጠነክር ውሃ አታብዢ። እናትሽ ትንሽ አመድ ቁስሉ ላይ ነስንሺበት ካለችሽ እሺ በያት፣ ክፋት የለውም።

ነጩ ካላ ነው። እሱ ውሃ ዳር የሚወድ ነው፣ ከቧንቧ ሥር ያማረበትም ለዚህ ነው። ዋልካ አይፈራም። ከልብስ ማጠቢያው ውሃ መውረጃ አጠገብ አድርጊው፣ ሳሙናው በቀጥታ እንዳይደርሰው ብቻ። ጭማቂው አፍና ቆዳ ያቃጥላል፣ ልጆች ካሉ አርቂያቸው። ካናን ግንዱን እስከ ጉልበት ቁረጪና ሥሩን ሁለት ሦስት ዓይን እያስያዝሽ ክፈይው። የትም ይበቅላል፣ ብዙ ልናወራለት አይገባም።

የመሬቱን ጄራኒየም ጨርሶ አትንቀይው፣ ድካም ነው። የጣት ርዝመት ያለው ጫፍ ጫፉን ቁረጪ፣ የታች ቅጠሉን አራግፊ፣ ቁስሉ አንድ ቀን ይድረቅና በጣሳ ትከይ። ጣሳው ሥሩ ቀዳዳ ይኑረው።

ጽጌረዳው ላይ ልቆይ፣ ያስጨነቀሽ እሱ ነውና። ሁለት ሳምንት አለሽ። ዛሬ ማታ በደንብ አጠጪው። ነገ ጠዋት ከግንዱ ወደ 30 ሳንቲሜትር ርቀሽ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ ግማሽ ክብ ቦይ ቆፍሪ። ጥልቀቱ አንድ አካፋ ተኩል ይሁን። ያገኘሽውን ሥር በንጹህ መቀስ ወይም መጋዝ ቁረጪ። በዶማ አትፍለጪው፣ የተፈለጠ ሥር ይበሰብሳል፣ በንጹህ የተቆረጠ ግን አዲስ ሥር ያወጣል። ቦዩን ቀለል ባለ አፈርና በደረሰ ኮምፖስት መልሰሽ ሙይና አጠጪ። ከሳምንት በኋላ ሌላውን ግማሽ እንደዚሁ አድርጊ። በመጨረሻው ቀን ከሥር ትቆርጪና ከነአፈሩ ታነሺዋለሽ። አንድ ቀን ላይ ከሁሉም ሥሩ ከሚለይ በሁለት ተራ ቢለይ ይሻለዋል፤ በመሃል ጫፍ ጫፉ ላይ አዲስ ቀጭን ሥር ይጀምራል።

ከመነቀሉ አንድ ቀን በፊት ግረዢው። አምስት ያህል ጠንካራ ቅርንጫፍ ትተሽ፣ ቁመቱን ወደ 50 ሳንቲሜትር አውርጂው። አበባና እምቡጥ ካለው ሁሉንም ቁረጪ። እናትሽ እያለች አታድርጊው፣ ገበያ ስትሄድ ይሁን። ሰኞ ገበያ ስትሄድ ይመቻል።

ከሐይቅ፦

ጋሼ ጥሩ ብለዋል። እኔ ግን አንድ የምጨምረው አለኝ። ጉድጓዱ ውስጥ እርጥብ የላም ፋንድያ በደንብ ሙይበትና ከላዩ ላይ አንድ እፍኝ ዩሪያ በትኚ። እኛ ሐይቅ ዳር አባቶቻችን በፋንድያ ነው ሎሚውንም ቡናውንም ያሳደጉት። ፋንድያ ያልነካው አፈር ምን ያወጣል?

ጡረተኛው፦

ወንድሜ ፋንድያን አልጠላሁም፣ የምወደው ሲደርስ ነው። ትኩስ ፋንድያ መሬት ውስጥ ሲበሰብስ ይሞቃል፣ አሞኒያም ያወጣል። ዩሪያ ደግሞ ጨው ነው ማለት ይቻላል፤ ከተቆረጠ ሥር ውሃ ይስባል እንጂ አይሰጥም። ጤነኛና ሥር የሰደደ ቡና ላይ ይሠራል። ትናንት ለተነቀለ ጽጌረዳ ግን ሁለቱም ቁስል ላይ ጨው እንደመጨመር ነው። የልጅቷ ተክል አዲስ ቅጠል አውጥቶ እስኪረጋጋ ማዳበሪያ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ያን ጊዜ ፋንድያህን አምጣላት።

ደግሞ ስለ ዋልካ ሳልል አልፌያለሁ። ልጄ፣ ደሴ ላይ ጽጌረዳ በዋልካ የሚሞተው በግንቦት ጥማት ሳይሆን በነሐሴ ውሃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ዋልካ ላይ ጉድጓድ ይቆፍርና በለስላሳ አፈርና በኮምፖስት ይሞላዋል። ደስ ይላል። ክረምት ሲመጣ የዙሪያው ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፣ ለስላሳው ይቀበላል። የግቢው ጎርፍ ሁሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተቋጥሮ ይቀመጣል። ሥር አየር ያጣል። ከላይ ሲታይ የደረቀ ይመስላል፣ ቆፍረሽ ስታዪው ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል።

ስለዚህ ቦታው ላይ ጉድጓድ ቆፍሪና አንድ ጀሪካን ውሃ ጨምሪበት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ካለ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጽጌረዳ አትትከይ። ይልቅ ከመሬቱ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ደግፊው። ከፈረሰው አጥር ድንጋይ ይተርፍሽ የለ? ያንኑ ዋልካ ከአሸዋማ አፈርና ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለሽ ሙይው። ዋልካ ክፉ አይደለም፣ ምግብ የያዘ አፈር ነው። ችግሩ አለመተንፈሱ ነው። አጋፓንተሱና ዳህሊያውም ከዚሁ ከፍ ያለ መደብ ላይ ይሁኑ። ካላው ብቻ ታች ይቅር።

ከባሕር ዛፉ ግን ራቂ። ሥሩ ሩቅ ይሄዳል፣ አንቺ የምታጠጪውን ጀሪካን እሱ ነው የሚጠጣው። ጓሮው ከፈቀደ አሥር ሜትር ያህል ራቂ። ካልፈቀደ በባሕር ዛፉ በኩል ጠለቅ ያለ ቦይ ቆፍረሽ ሥሩን ቁረጪበት። ጎረቤት አይቆጣም፣ ዛፉም አይሰማው።

ኮምቦልቻ ነኝ፦

እታለም፣ ለእህትሽ የምትልኪውን በተመለከተ እኔ ልናገር። እኔም ከደሴ እየተቀበልኩ ነው የምተክለው፣ ያክስቴ ግቢ መናፈሻ አጠገብ ነው።

መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ብለሽ አትናቂው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርጂው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ እኛ 1,850 አካባቢ ነን። ጃኬቱን የምናወልቀው በምክንያት ነው። ለአበባ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ካና ላኪልን፣ እዚህ ደሴ ካለው ይበልጣል። አጋፓንተስም ይሆናል፣ ከሰዓት ጥላ ካገኘ። ዳህሊያ ግን እዚህ በሙቀቱ ይለግማል፣ ቅጠሉ ይበዛል አበባው ያንሳል። ጥላ ያለው ግቢ ካላት ትሞክር፣ ግን ምርጡን ድንች ለእናትሽ አስቀሪላት።

አክስቴ አንዴ ሃይድራንጃ ላከችልኝ። እዚያ ሰማያዊ ነበር። እዚህ ተክዬው ሮዝ ሆነ። እሷ "ቀይረሽ ሌላ ነው ያሳየሽኝ" ብላ ዛሬም ትጠረጥረኛለች። የአፈሩ ነገር ነው፤ ጎምዛዛ አፈር ላይ ይሰማያል፣ አልካሊ ሲሆን ሮዝ ይሆናል። ይሄንን ለማስረዳት ሞክሬ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ስለ መጓጓዣው፣ ሚኒባስ ጣራ ላይ እንዳታስጭኚው። የሐረጎ ንፋስ ቅጠሉን አድርቆ ነው የሚያወርደው። ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ ከውስጥ፣ ከእግር ሥር። ረዳቱ ለሻንጣ ካላስከፈልኩ ይላል፣ ክፈዪው። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ላኪና እህትሽ ጥላ ውስጥ ታውለው፣ ማታ ትትከለው። ቀትር ላይ እዚህ እንኳን አበባ ሰውም አይተከልም።

የቧንቧ ውሃዋ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ የመጀመሪያውን ግማሽ ክብ ቆፍሬያለሁ። እማዬ ወንበር አውጥታ ከላዬ ተቀምጣ ነው የቆፈርኩት። ሁለት ነገር አጋጠመኝ።

አንደኛ፣ አንድ ወፍራም ሥር ቀጥ ብሎ በአጥሩ መሠረት ሥር አልፎ ወደ መንገዱ ሄዷል። መጎተት ይሻላል ወይስ መቁረጥ? ሁለተኛ፣ ከግንዱ ግርጌ ሌላ ዓይነት ቅርንጫፍ ወጥቷል። ቅጠሉ ትናንሽ ነው፣ እሾሁም ሌላ ነው፣ አበባው ነጭ ነው ትላለች እማዬ። ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

ደግሞ ውሃው ነገር። ፈረቃው ሲዘል ምን ላድርግ?

ጡረተኛው፦

ቁረጪው። አትጎትቺ። ጎትተሽ ብታወጪው ቆዳው ይገፈፋል። ጫፉን በመጋዝ ልክ አድርገሽ ቁረጪና ተይው። ጽጌረዳ አንድ ወፍራም ሥር ስላጣ አይሞትም፣ ቀጫጭኑ በአፈር ኳሱ ውስጥ ከቀረለት።

ሁለተኛው ነገር ደስ አሰኘኝ። አባትሽ ያመጣው የተዳቀለ፣ የአንዱ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ የተጣበቀበት ጽጌረዳ ነው ማለት ነው። ከታች ያለው ጠንካራ ሥር የዱር ጽጌረዳ ሳይሆን አይቀርም፣ ከላይ ያለው ሽታው በር ላይ የሚቀበለው ነው። የኛው ቀጋም እኮ ራሱ ጽጌረዳ ነው፣ ነጭ አበባ ያብባል፣ በየአጥሩ ታዪዋለሽ። ከታች የወጣው ቅርንጫፍ የዱሩ ነው። ከላይ ከመቁረጥ ይልቅ ከመነሻው፣ ከሥሩ ድረስ ቆፍረሽ ንጪው። ካልሆነ ከጊዜ በኋላ እሱ ጠንክሮ የአባትሽን ጽጌረዳ ይውጠዋል። ስትተክይ የተዳቀለበት እብጠት፣ የተቋጠረ የመሰለው ቦታ፣ ከአፈር በላይ ይሁን።

ይህን ካወቅን ዘንዳ መጠባበቂያ እንያዝ። ስትገርዢው የሚወድቀውን ቅርንጫፍ አትጣይው። የእርሳስ ውፍረት ያለውን መርጠሽ 20 ሳንቲሜትር እያደረግሽ ቁረጪ፣ ከታች ልክ ቅጠል ከሚወጣበት አንጓ ሥር ይሁን። ላይኛውን ሁለት ቅጠል ብቻ ትተሽ ሁለት ሦስተኛውን አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ቅበሪ። ጥላ ውስጥ አኑሪው፣ አፈሩ አይድረቅ። ብዙ ትከይ፣ ሁሉም አይዝም። የያዘው ግን በራሱ ሥር የቆመ የአባትሽ ጽጌረዳ ነው፤ ዋናው ባይሆንልሽ እንኳ ዘሩ አይጠፋም። ለእናትሽም ይህን አሳያት፣ ገበያ የሄደችበት ቀን ትንሽ ይቀልልሻል።

ስለ ውሃው፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ሰብስቢ። ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ ብሺ፣ ቂጡን ቁረጪ፣ ክዳኑን ወደ ታች አድርገሽ ከሥሩ አጠገብ ግማሽ ድረስ ቅበሪው። ሞልተሽ ትተይዋለሽ፣ ጠብ ጠብ እያለ ቀጥታ ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ ፀሐይ አይበላውም። ጠብታው ከፈጠነ ቀዳዳውን በጨርቅ ጥበቢ። ከላይ ደግሞ የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አልብሺው፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ። አትክልት ያጠብሽበትን ውሃም አትድፊ። ጥላውን በአራት እንጨትና በአሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ሥሪለት፣ ከሰዓት ፀሐይ በሚመጣበት በኩል።

የሸዋበሩ፦

ጋሼ እንዲህ ከሆነ ማገዶ ያልኩትን አንስቻለሁ። የቧንቧ ውሃዋ፣ ለመንቀሉ ቀን ሰው ካነሰሽ ቅርብ ነኝ። ያ ጽጌረዳ ከነአፈሩ ከባድ ነው፣ ብቻሽን አታነሺውም። ሸራ ወይም ወፍራም ከረጢት ከሥሩ አንጥፈን ለሁለት ነው የምንጎትተው። ግንዱን ይዘሽ እንዳታነሺ፣ አፈሩ ተሰብሮ ይወድቃል።

ዳህሊያ ድንች ከተረፈ ደግሞ...

የቧንቧ ውሃዋ፦

ና፣ ቡናም አለ። ዳህሊያውን ግን ከኔ አትጠይቅ፣ እማዬ ናት ማከፋፈል የጀመረችው። ፊት ለፊት ላሉት ለሐጂ ቤት፣ ለሰንበቴ ጓደኛዋ፣ ለኮምቦልቻ። ለራሳችን የቀረ እንዳለም እንጃ። "አበባ ከጎረቤት ጋር ካለ አይጠፋም" ነው የምትለው፣ አሁን ንቀሉኝ ማለቱን ትታ።

ጋሼ አንድ የመጨረሻ። ከተተከለ በኋላ ጽጌረዳው እንደያዘ በምን አውቃለሁ? እማዬ በየጠዋቱ ልነቅንቀው ማለቷ አይቀርም።

ጡረተኛው፦

እንዳትነቀንቀው። ያንን ብቻ ለምኚልኝ። ቀን ቀን ያበቀለውን ፀጉር ሥር በየጠዋቱ መበጠስ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሊረግፍ ይችላል፣ አትደንግጪ። ቅጠል መርገፍ ራሱን ማዳን ነው። ቅጠሉ ደርቆ ግንዱ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ነው የሚያሳስበው። ከተጠራጠርሽ ከቅርንጫፉ ላይ በጥፍርሽ ትንሽ ቆዳ ፋቅ አድርጊ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወርደሽ ፋቂ፤ አረንጓዴ እስክታገኚ ድረስ ያለውን ቁረጪው። አዲሱ ቡቃያ ከተዳቀለበት ቦታ በላይ መውጣቱን እይ፤ ከታች የሚወጣው የዱሩ ነውና አያስደስትሽ።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ጠርሙሶቹን አንሺ፣ የመደቡን ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ ጥረጊ። ሐምሌ ተጋምሶ ምንም ካላቆጠቆጠ ያን ጊዜ ጻፊልኝ።